ስብሰባችን ከአሥር ተኩል አያልፍም

ርዕሰ መምህርት ሆኜ ስመደብ ትልቋ ልጄ ኬጂ ነበረች፤ ትንሹ ገና ጡት ይጠባል። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔን ያቆመኝ ግን የሰዓት አያያዝ ነው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ውሎ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይጀምራል። ተማሪ ሲወጣ ደግሞ ስብሰባው ይከተላል፤ ዛሬ ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት)፣ ነገ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ። ጎበዝ ጎበዝ መምህራት ከኃላፊነት የሚሸሹት ይህን እያዩ ይመስለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የነካሁት እሱን ነው። ማኔጅመንቱ ረፋድ ላይ ይሰበሰባል። የመምህራን ስብሰባ ከአሥር ተኩል አያልፍም፤ ያላለቀ አጀንዳ ለሌላ ቀን ያድራል። ምክትሎቼን ደግሞ በደብዳቤ ወከልኳቸው። ልጄን አተኩሶት ብቀር ፊርማ የሚጠብቅ ወረቀት የለም።

ከሁሉ የምኮራበት የሕፃናት ማቆያችን ነው። ሐኪም ሕፃን እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ይጥባ ይላል። ያኔ በነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወሊድ በኋላ ያለው ዕረፍት 90 ቀን ነበር። የቀረውን ሦስት ወር እናት ምን ታድርግ? ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁም ያዝ ነበር። እኛ የከተማ አስተዳደሩ ሠራተኞች ብንሆንም እሱን ይዤ ተከራከርኩ።

የተሰባበረ ዴስክ የታጨቀበትን ክፍል አጸዳን። ወላጆች ፍራሽና ምንጣፍ አመጡ፤ መጋረጃው ከአዳራሽ የተረፈ ነው። ለሞግዚቷ እናቶቹ አዋጥተን እንከፍላለን። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ሲወጣም የምታጠባ መምህርት መሀል ላይ ክፍት ሰዓት እንዲኖራት አደረግን። ድሮ ለማጥባት ቤቷ ደርሳ እስክትመለስ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይቀር ነበር። አሁን ያ የለም። እዚህ ላይ ያተረፉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ለዚህ ነው ነገሩን የእናቶች ጉዳይ ብቻ አድርገው ሲያዩት የሚከፋኝ።

ቤት ውስጥ ጠዋቱ የባለቤቴ ነው። ያለብሳል፣ ቁርስ ያበላል፣ ኬጂ ያደርሳል። ማታው የእኔ ነው፤ ልጆቹ እስኪተኙ ስልክ አላነሳም።

እህቴ፣ ሹመት ሲመጣልሽ እሺ ከማለትሽ በፊት ምክትሎችሽ እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅም ጠይቂ። የተማሪዎች ምዝገባ ሲደርስ ግን ይህ ሁሉ አይበቃም። ያን ሰሞን እናቴን ከደብረ ብርሃን አስመጣለሁ።