ዘጠኝ ሰዓትን የሚጠብቁ ሯጮች

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በማለዳ ለሚሮጥ ሰው ብርዷ ጆሮ ይቆርጣል። ባለፈው ሁዳዴ፣ በምኩራብ ሳምንት፣ ከማሠለጥናቸው ልጆች አንዷ አምስተኛውን የ1,000 ሜትር ሩጫ ጨርሳ ስትመጣ በጥቁር ሹራቧ ጀርባ ላይ የደረቀው ላብ እንደ አመድ ነጥቶ ይታይ ነበር። የያዝኩትን ሃይላንድ ውኃ ዘረጋሁላት። «ጠዋት ጠጥቻለሁ፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ከንፈሯ ግን ተሰነጣጥቋል። አለመጠጣቷን አውቃለሁ፤ እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ በዚሁ ሜዳ ላይ ለአሠልጣኜ ይህንኑ ውሸት ዋሽቻለሁ።

ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታው፣ ጾመ ነቢያቱ፣ የሐዋርያቱ፣ ረቡዕና ዓርቡ ሲጨመሩበት የዓመቱ ግማሽ ያህል በጾም ያልፋል። ስለዚህ በጎጃም ሯጭ ማሠልጠን ማለት ከሞላ ጎደል ጿሚ ማሠልጠን ማለት ነው። ይሁንና እኔ ያየኋቸው የልምምድ ዕቅዶች ክረምቱን፣ የትምህርት ቤት ፈተናውንና የውድድር ቀኑን ያሰፍራሉ እንጂ ጾምን አያነሡም።

ስለ ጾምና ስፖርት ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ ወደ ምግቡ ዓይነት ይሄዳል፤ ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል ጡንቻ ከየት ይመጣል ይባላል። በእኔ ግምት ከጉዳዩ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። የስፖርት ሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለሚሠለጥን ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ፤ 55 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ይህ ከ66 እስከ 110 ግራም ይሆናል። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ስልጆና የሱፍ ፍትፍት ከማይጠፋበት ማዕድ ጠግቦ የሚነሣ ልጅ ወደዚህ መጠን መቅረብ አያቅተውም። እህል ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። አያቴ በጸሎተ ሐሙስ ስንዴውን ከባቄላው ክክ ጋር ቀቅላ ጉልባኑን በሰፌድ ስታቀርብልን የምታስበው ስለ በዓሉ ነበር፤ ለሯጭ ግን ከዚያ የተሻለ ንፍሮ እስካሁን አላገኘሁም። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ሆኖም በፍስኩ ወራት ወተትና እንቁላል ያልተለየው ሰው ጉበቱ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ክምችት ስለሚይዝ 55 ቀን አያራቁተውም። (ባሕር ዳር ያሉ ወዳጆቼ እዚህ ላይ የጣናን ዓሣ ያነሡብኛል፤ በእሱ ክርክር ውስጥ አልገባም።)

የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ራቱን የበላ ልጅ እስከ ማግሥቱ 9 ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ቢቆይ 19 ሰዓት ሞላው። ሌሊቱን ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለአንጎል ሲያቀርብ ያድራል፤ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ግን አብዛኛው ሳይነካ ስለሚያድር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚደረግ ቀለል ያለ ሩጫ ለለመደ ጿሚ ብዙም አያስቸግረውም። ነገሩ የሚበላሸው በዚያው ማለዳ ፍጥነት ወይም ዳገት ሲታዘዝ ነው። የጡንቻው ስንቅ ይሟጠጣል፤ ጡንቻ ስንቁን ፈጥኖ የሚተካው ደግሞ ከልምምድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ልጆች እነዚያን ሰዓታት በክፍል ወንበር ላይ ደረቅ ጉሮሯቸውን እየዋጡ ያሳልፏቸዋል። ውኃው ይብሳል። ከክብደቱ 2 በመቶ ያህሉን በላብ ያጣ ሯጭ አቅሙ መቀነስ ይጀምራል ይባላል፤ ይህ ለ55 ኪሎ ሰው 1.1 ኪሎ ብቻ ነው፤ አንድ ጥሩ የዳገት ልምምድ ይወስደዋል።

እኔን የጣለኝም የዳገት ልምምድ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የሁዳዴ ዓርብ፣ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ስድስት ዳገት ታዘዝን። አራተኛው ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ የጓደኛዬ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፊቴ ላይ የተረጨውን የምንጭ ውኃ ነው። አሠልጣኜ ወባ ነው ብሎ ለደም ምርመራ ላከኝ። ጾም ላይ መሆኔን ብነግረው ወይ ጾሙን ወይ ሩጫውን ምረጥ ይለኛል ብዬ ፈራሁ፤ እሱም ቢጠይቀኝ በሃይማኖቴ ገባ እንዳይባል የፈራ ይመስለኛል። በዚህ መካከል ለሁለት ሳምንት የወባ ታማሚ ሆኜ ተቀመጥኩ።

በዚህ ረገድ ሙስሊም ስፖርተኞች ቀድመውናል። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ ከረመዳን ጋር ሲገጥም ጉዳዩ በአደባባይ ተነጋገሩበት፤ የብሪታንያው ሯጭ ሞ ፋራህ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ አሸጋግሮ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ስለ ረመዳንና ስፖርት የተሠራው ጥናትም ብዙ ነው። ሆኖም ጥናቱን እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥ አይቻልም፤ እነርሱ ከንጋት በፊት የሚበሉት ሱሁር አላቸው፣ የእኛ ልጅ ግን በራቱ ነው የሚነጋለት። የኦሎምፒኩ ቀን መቁጠሪያ ለእኛም አይራራም። ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ የ10,000 ሜትሩን ወርቅ ያገኘችው ነሐሴ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ታምራት ቶላ በፓሪስ ማራቶንን በ2:06:26 ያሸነፈው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱም በፍልሰታ። እነርሱ በግላቸው ምን እንዳደረጉ የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ቀኑን የማነሣው እዚህ ያለች የ17 ዓመት ልጅም አንድ ቀን እዚያው ወር ላይ መድረሷ ስለማይቀር ነው።

ለሴቶቹ ልጆች የምጨነቀው በብረት ማዕድን ነው። በከፍታ ላይ የሚሠለጥን ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ለመሥራት ብረት ይፈልጋል፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘው ብረት ደግሞ ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። የእንጀራው መቡካት ያግዛል፤ ሎሚና ቃሪያም ያግዛሉ። የሚጎዳው ከማዕዱ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ቡና ነው፤ ቡናም ሻይም ብረቱን አሥረው ያስቀሩታል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ ብዬ አንዲት እናት ብለምን፣ «ታዲያ ምኑን ጾም ፈታሁት!» ብለው ሳቁብኝ። የወር አበባዋ የቀረባትን ልጅ ግን በሳቅ አላልፋትም፤ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. የሚበላው ከሚቃጠለው ሲያንስ አጥንትም፣ ወር አበባም፣ ስሜትም እንደሚታወክ በይፋ አስጠንቅቋል። እንዲህ ያለችውን ልጅ በጾምም በፍስክም ከሜዳ አስወጥቼ ወደ ሐኪም እልካለሁ።

ሹራቧ የነጣውን ልጅ ጉዳይ ይዤ ወደ ንስሐ አባቷ ሄድኩ፤ መጀመሪያ እሷን አስፈቅጄ ነው። እሳቸው ከእኔ ይልቅ ረጋ ያሉ ነበሩ። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠባ ሥርዓቱ እንደሚያዝን ነገሩኝና፣ «ሩጫ ሕመም አይደለም፤ ነገር ግን ሰዓቱን የሚወስነው አንተ ከሆንክ ለምን በጾም ሰዓት ታስሮጣታለህ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በእውነቱ በጠዋት የምናሠለጥነው እኛም በጠዋት ስለሠለጠንን ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የጾም ዕቅዱን ለወጥኩት። ማለዳ ላይ ለ40 ደቂቃ ቀስ ብለው ይሮጣሉ፤ 9 ሰዓት ላይ ውኃና በጨው የተበጠበጠ በሶ ይጠጣሉ፤ ከባዱን ልምምድ 11 ሰዓት ላይ ሠርተው በቀጥታ ወደ ራት ይሄዳሉ። ቅዳሜና እሑድ ሥጋና ወተት ባይበላም ከቅዳሴ በኋላ እህል ስለሚቀመስ ረጅሙን ሩጫ ወደ እሑድ ከሰዓት አዛወርነው። የሚያጉረመርሙ አሉ፤ 11 ሰዓት ላይ መንገዱ በባጃጅና በከብት ይሞላል፣ ራት ያመሻል፣ የቤት ጥናትም ይጎዳል፤ ለዚህኛው እስካሁን መላ አላገኘሁለትም።

በሰሙነ ሕማማት ልምምድ አልሰጥም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን በፋሲካ ማግሥት ፍጥነት አዝዤ፣ ልጆቹ ከደረጃ ላይ እንደሚወርዱ ሽማግሌዎች እግራቸውን እየጎተቱ ሲመጡ ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቼ ነበር። አንዱ ልጅ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ዓርብ 300 ሰግደናል» አለኝ።