«መቼ ወጣህ?»

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ማንጎ ስመርጥ አንድ ልጅ የአንዲት ሴትዮ ስልክ ላፍ አርጎ ሲሮጥ ተያዘ። ሰው ሊቀጠቅጠው ሲከበው ሽንኩርት የሚሸጡት እናት መሃል ገቡ። አፍጥጠው አዩትና፣

«አንተ ደግሞ መቼ ወጣህ?»

«ሐሙስ፣ እማማ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ልክ ከክፍለ ሀገር እንደመጣ ዘመድ!

የግራ እግሩ ሸበጥ ሰማያዊ ነው፣ የቀኙ ቀይ። ቀዩ የሴት ስለሆነ ተረከዙ ተርፎ መሬት ይነካል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ለደጋጋሚ ደግሞ ይከብዳል። ወረቀቱስ ደህና ነው። ግን ሐሙስ ከእስር ቤት ባዶ ኪሱን የወጣ ልጅ እስከ ዛሬ ምን በላ?

ሴትዮዋም «አቦ ስልኬን አግኝቻለሁ፣ ለምስክርነት ስመላለስ ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?» ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች። አልፈርድባትም።