ሴል ባክቴሪያን በምን ታውቀዋለች? የ8 ሳምንት የጥናት ማስታወሻ

ስለ በሽታ መከላከያ ሥርዓት በግሌ ማጥናት ከጀመርኩ 8 ሳምንት ሞላኝ። ባለፈው ባካፈልኳችሁ ማስታወሻ ላይ «ሰውነት ባክቴሪያን የሚለየው በአንቲቦዲ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ የምጀምረው ያንን በማረም ነው።

ስህተቴን ያሳየኝ ተራ ስሌት ነው። ለአዲስ ባክቴሪያ የሚስማማ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባክቴሪያው ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን፣ በበቂ መጠን እስኪመረት ቀናት ያልፋሉ። አንዳንድ ባክቴሪያ ደግሞ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። እስክሪብቶ አንስቼ እጥፍ እያደረግሁ ወረድኩ፤ ሰባተኛው ሰዓት ላይ ስደርስ አንዱ ባክቴሪያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። አንቲቦዲ እስኪደርስ የሚይዘው ባይኖር ኖሮ ነገሩ በመጀመሪያው ቀን ያበቃ ነበር።

የሚይዙት እንደ ማክሮፋጅና ኒውትሮፊል ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሴሎቹ ዓይን የላቸውም። ያላቸው ተቀባይ ነው፤ ከሴሏ ሽፋን ላይ ብቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቅርጹ የሚገጥምለት ነገር ሲነካው ወደ ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፍ ፕሮቲን። መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ባክቴሪያ የየራሱ ተቀባይ ያለ መስሎኝ ነበር። ቶል መሰል ተቀባዮች የሚባሉት ግን በሰው ላይ 10 ብቻ ናቸው። 10 ተቀባይ ለስንቱ ባክቴሪያ ይበቃል?

እዚህ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ተቀባዮቹ የሚፈልጉት ባክቴሪያው ሊጥለው የማይችለውን ነገር ነው። ብዙ ባክቴሪያ የሚዋኘው ፍላጀሊን ከሚባል ፕሮቲን በተሠራ ጅራፍ ነው። ከቶል መሰል ተቀባዮቹ (በአጭሩ ቲኤልአር) አንዱ የሆነው ቲኤልአር 5 የሚይዘው የፍላጀሊን ክፍል ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ ተደርድረው ጅራፉን የሚሠሩበት ቦታ ላይ ነው። ባክቴሪያው ከተቀባዩ ለማምለጥ ያንን ቦታ ቢለውጥ ብዙውን ጊዜ መዋኘቱ ይቀርበታል። ይህን የተረዳሁ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

እንዲህ ያሉ ተቀባዮች መኖር አለባቸው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1989 አስቀድሞ የጻፈው ቻርልስ ጄንዌይ ነው። ማረጋገጫው የመጣው ከዝንብ ነው። ጁልስ ሆፍማንና ባልደረቦቹ በ1996 ቶል የሚባለው ጂን የተበላሸባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች በሻጋታ ተወርረው እንደሚያልቁ አሳዩ። በ1998 ደግሞ የብሩስ ቦይትለር ቡድን በአይጥ ላይ የሠራው መጣ፤ እኔን የያዘኝ ይሄኛው ነው።

ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በውጭ ሽፋናቸው ላይ ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል ሞለኪውል አላቸው። ይህ ሞለኪውል ተጣርቶ፣ አንድም ሕያው ባክቴሪያ ሳይኖርበት ለአይጥ ቢሰጥ ይገድላል። አንድ የአይጥ ዝርያ ግን ምንም አይሆንም። ደብተሬ ላይ «የታደሉ አይጦች» ብዬ ጻፍኩ። ገጹን ስገለብጥ ግን እነዚያው አይጦች ጥቂት ሕያው ሳልሞኔላ ሲገባባቸው ሌላው አይጥ በሚቋቋመው መጠን እንደሚሞቱ አነበብኩ። «የታደሉ» የሚለውን ሰረዝኩት። ምክንያቱ በቲኤልአር 4 ላይ ያለች አንዲት ለውጥ ናት፤ 712ኛው ቦታ ላይ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) መሆን ሲገባው ሂስቲዲን የሚባለው ገብቷል። በዚያች ሳቢያ ሴሎቻቸው የሳልሞኔላን መምጣት አይሰሙም።

ስለዚህ ሊፖፖሊሳካራይዱ ራሱ ሴል የሚያቃጥል መርዝ አይደለም። የሚገድለው የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ተቀባዩ የባክቴሪያውን ልጣጭ ብቻ ሲያገኝም ሙሉ ማንቂያ ይደውላል፦ ቲኤንኤፍና ሌሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖች ይፈስሳሉ፣ ትኩሳት ይነሳል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ። በመላ ሰውነት ሲሆን ሴፕሲስ ውስጥ፣ ማለትም ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ራሱ ሰውነትን ሲጎዳ፣ የምናየው የደም ግፊት መውደቅ ይከተላል። ማንቂያው የሌለውስ? ከብዙዎቹ ቶል መሰል ተቀባዮች መልእክት የሚያደርሰው ማይዲ88 የሚባል ፕሮቲን የጎደላቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2008 ተገልጸዋል። ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ በሚባሉ ባክቴሪያዎች ክፉኛ ይታመማሉ፤ ሆኖም በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ትኩሳታቸው አነስተኛ ሊሆን ይችላል።

ከንባቡ ሁሉ ይልቅ ደጋግሜ ያየሁት ግን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዴቪድ ሮጀርስ በማይክሮስኮፕ የቀረጸውን አጭር ፊልም ነው። አንዲት ኒውትሮፊል በቀይ የደም ሴሎች መካከል እየተሽሎከሎከች አንድ ስታፊሎኮከስ ታሳድዳለች። ባክቴሪያው ሲገፋ ትዞራለች፤ ቀይ ሴሎቹን ወደ ጎን ትገፋለች፤ መጨረሻ ላይ ትውጠዋለች። አቅጣጫውን የምታውቀው በማሽተት ነው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ፕሮቲን መሥራት የሚጀምረው ፎርማይል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ቅጥያ በተለጠፈበት ሜታዮኒን በሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ የእኛ ሴሎች በሳይቶፕላዝማቸው ውስጥ በተራው ሜታዮኒን ይጀምራሉ። ከባክቴሪያው የሚረግፉትን ቁርጥራጮች የሚይዙ ተቀባዮች በኒውትሮፊሏ ዙሪያ አሉ፤ ብዙ በተያዘበት በኩል ትሄዳለች። የሚገርመው የእኛም ማይቶኮንድሪያ (ኃይል የሚያመነጨው የሴል ክፍል) በፎርማይል ሜታዮኒን ይጀምራል፤ ለዚህ ነው ባክቴሪያ ባልገባበት ቁስል ላይ ጭምር ኒውትሮፊሎች የሚሰበሰቡት።

አንቲቦዲም ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው። ኒሞኮከስ ከስኳር የተሠራ ካባ ስለሚለብስ ለመያዝ ያዳልጣል። አንቲቦዲው በካባው ላይ ሲጣበቅ ጭራው ወደ ውጭ ይቀራል፤ ኒውትሮፊሏ ኤፍሲ በሚባለው ተቀባይዋ ያንን ጭራ ይዛ ትጎትታለች። ባለፈው ሁለቱን እንደ ተለያዩ ምዕራፎች አድርጌ ነበር የጻፍኩላችሁ፤ ሥራቸው ግን አንድ ላይ ነው።

አሁን የያዝኩት ቸነፈር (ፕሌግ) የሚባለውን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ የርሲኒያ ፔስቲስን ነው። በሽታውን በሚያስተላልፈው ቁንጫ ውስጥ ባለው ዝቅተኛ ሙቀት የሊፖፖሊሳካራይዱ ሥር 6 የቅባት ሰንሰለት ሊኖረው ይችላል፤ 37 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም እኛ ውስጥ ሲገባ፣ በአብዛኛው 4 ያደርገዋል። ቲኤልአር 4 ባለ 4ቱን በደንብ አያነብም። ተመራማሪዎች በ37 ዲግሪም ባለ 6ቱን እንዲሠራ ሲያስገድዱት አይጦቹን መግደል አቃተው።

ተቀባዩ ሊፖፖሊሳካራይዱን እንዴት እንደሚይዝ የሚያሳይ ሥዕል ጀምሬያለሁ፤ የቸገረኝ ሊፖፖሊሳካራይዱ ኤምዲ 2 በሚባለው ረዳት ፕሮቲን ኪስ ውስጥ ሲገባ ሁለት ቲኤልአር 4ዎች እንዴት እንደሚጣመሩ በወረቀት ላይ ማሳየት ነው። ጥርት ያለ ሥዕል የሠራችሁ ካላችሁ አጋሩኝ። በሚቀጥለው የምሄደው ማንቂያው እንዴት እንደሚጠፋ ወደሚለው ነው።