ሳያመኝ የበላኝ ንክሻ

ጥርሴን ስቦርሽ የሚደማኝ ብሩሹ ስለጠነከረ መስሎኝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ብሩሽ ቀይሬያለሁ። ደሙ ግን ከሁሉም ቦታ አይመጣም ነበር፤ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ፣ ድዱ ወደ ላንቃ ከሚዞርበት ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ ማታ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ትንሽ መስታወት አፌ ውስጥ ከትቼ ወደ ላይ ተመለከትኩ። ድዱ ላይ አራት ትንንሽ ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ የአንደኛው ጠርዝ ቀልቷል። ምን እንደቦረቦረኝ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። አፌን ስገጥም አራቱ የታችኛው የፊት ጥርሶቼ ልክ እነዚያ ጉድጓዶች ውስጥ ይገባሉ። የገዛ አፌ የገዛ ላንቃዬን ሲነክስ ኖሯል።

የላይኛው ጥርሴ የታችኛውን እንደሚሸፍን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። «የአባትህ ጥርስ ነው» ትል ነበር እናቴ፤ እኔም ከቁመቴና ከአፍንጫዬ ጋር ቆጥሬ ተቀበልኩት። ስስቅ የታችኛው ጥርሴ ጨርሶ አይታይም፤ የላይኞቹ ግን ቀጥ ብለው የተሰለፉ ስለሆኑ ፎቶግራፍ ላይ ያምራሉ። ጥርስ ማስተካከል ለእኔ መልክ ማሳመር ብቻ ነበር። በመልኩ ያልተከፋ ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል?

አንድ ጊዜ ግን ሄጃለሁ። የአንድ የታችኛው የፊት ጥርሴ ጫፍ ተሸርፎ ነበር፤ ሐኪሙ በጥርስ ቀለም መሙያ አስተካከለልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወደቀ። ደግሜ አስሞላሁ፤ ያም ወደቀ። «ንክሻዬ፣ የላይና የታች ጥርሶቼ አገጣጠም ማለቴ ነው፣ ችግር ይኖረው ይሆን?» ብዬ ብጠይቅ «ካላመመዎት አይነካኩት» አለኝ። መስማት የምፈልገውን ስለነገረኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መሙያው የወደቀበትን ምክንያት የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ማረፊያ ቦታ አልነበረውም። አፌን በገጠምኩ ቁጥር የላይኛው ጥርስ ይመታዋል። ንክሻው ሳይስተካከል ጥርስ ማስሞላት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ግድግዳ እንደ መቀባት ነው፤ እኔም ሁለቴ ቀባሁ።

ከመስታወቱ ማታ በኋላ የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው መለካት ነበር። የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን በመጠኑ መሸፈኑ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ወይም የታችኛውን ጥርስ ቁመት አንድ ሦስተኛ ያህል ቢሸፍን ጤናማ ነው። የእኔ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ውጦታል። ወደ ፊት መውጣት ደግሞ ሌላ ጉዳይ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ወደ ፊት ያፈነገጠ ጥርስ አንድ ሰው ሲወድቅ ቀድሞ የሚመታ ነው፤ በተለይ በልጆች ላይ የመሰበር አደጋው ከፍ ይላል፤ ከንፈርም በቀላሉ ስለማይገጥምበት የፊት ድድ ይደርቃል። የእኔ ጥርስ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ታች ነው የበዛው፤ ስለዚህ ጉዳቱ ሁሉ ከውስጥ ስለነበር ማንም አያየውም፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዚያ የታችኛውን ጥርሴን ጠርዝ በካሜራ አጉልታ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ነጩ ሽፋን ተፍቆ አልቋል፤ መካከሉ ላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ይታያል። ነጩ ኢናሜል ይባላል፤ ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ እጅግ ጠንካራው ነው፤ ነገር ግን የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ከድድ ሲወጣ ስለሚጠፉ አንዴ ከሄደ ተመልሶ አይበቅልም። ቢጫው ዴንቲን ነው፤ እርሱ ለስላሳ ስለሆነ አንዴ ከተጋለጠ የሚያልቀው በፍጥነት ነው። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ ያለቀ ጥርስ ግን እንዳለቀ ይቀራል። በዚያ ወንበር ላይ የተጸጸትኩት በሌላው ሳይሆን በዚያች ቢጫ መስመር ነው። ድዱ ሊድን ይችላል፤ ነጩን ሽፋን ግን አሥር ዓመት ቀድሜ ብመጣ አላጣውም ነበር።

ጠዋት ጠዋት መንጋጋዬን ያመኝ ስለነበር እርሱም አብሮ እንደሚድን ተስፋ አድርጌ ጠየቅኋት። ቃል አልገባችልኝም። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም መነሻው ብዙ እንደሆነ፣ ጥርስ ማፋጨትና ጭንቀትም እንዳሉበት፣ ንክሻን ማስተካከል ብቻውን መድኃኒቱ ነው ማለት እንደማይቻል ነገረችኝ። ስለ ማንኮራፋትም ጠየቀችኝ፤ ንክሻው የተበላሸው የታችኛው መንጋጋ አጭርና ወደ ኋላ የገባ ከመሆኑ የተነሣ ከሆነ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያን ከሚያጠቡት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን የሚረጋገጠው በእንቅልፍ ምርመራ እንጂ ጥርስ በማየት አይደለም። ያን ቀን ያመንኳት «አላውቅም» እና «ላይሆን ይችላል» ለማለት ስላልፈራች ነው። ንክሻህን ካስተካከልህ ራስ ምታትህም፣ የጀርባ ሕመምህም ይጠፋል የሚልህን ሰው ግን ጥርስህን ከማስነካትህ በፊት ደጋግመህ አስብበት።

የጥርስ ማስተካከያው ሽቦ ወዲያው አልታሰረልኝም። በመጀመሪያ ድዴ መታከም ነበረበት፤ በታመመ ድድ ላይ ጥርስ ማንቀሳቀስ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ሊያሳጣ ይችላል። ራጅ ተነሣሁ፤ አንዱ የመንጋጋን ሙሉ ገጽታ፣ ሌላው የራስ ቅልን ከጎን የሚያሳይ ነው። ልጅ ብሆን ኖሮ የታችኛው መንጋጋዬ ገና በሚያድግበት ጊዜ እድገቱን በሚያግዝ መሣሪያ መጠቀም ይቻል ነበር። አዋቂ ሰው ግን የሚቀረው ጥርሶቹን ማንቀሳቀስ፣ ችግሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ ቀዶ ጥገና ነው። እኔን ቀዶ ጥገና አላስፈለገኝም።

ከሽቦው ይልቅ የፈተነኝ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ የተለጠፉት ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። አፌን ስገጥም የታችኞቹ ጥርሶች እነርሱን ስለሚያገኙ ላንቃዬ ጋ አይደርሱም፤ ነገር ግን የኋላ ጥርሶቼም አይገናኙም። የፊት ጥርስ ብቻ እየገጠመ ማኘክ ምን እንደሚመስል ለመግለጽ ይቸግራል፤ በመቀስ ጫፍ ወፍራም ጨርቅ እንደ መቁረጥ ያለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለስላሳ ነገር ብቻ ዋጥኩ። «ሰ» የምትለዋ ፊደል ከአፌ ስትወጣ ታፏጭ ነበር፤ በስብሰባ ላይ «ስለዚህ» ማለት ትቼ «በመሆኑም» ማለት ለመድኩ። በሁለተኛው ወር የኋላ ጥርሶቼ ቀስ በቀስ ተቀራረቡ፤ በአምስተኛው ወር በዚያው ትንሽ መስታወት ሳይ ጉድጓዶቹ ሞልተዋል፤ ድዱም ሐምራዊነቱን ለቆ ፈዛዛ ሮዝ ሆኗል።

ሁሉም ነገር 22 ወር ፈጀ። አንድ ስህተት ልናዘዝ፤ በሽቦው ዙሪያ መቦረሽ ሰልችቶኝ አንድ ሰሞን ችላ ብዬ ነበር፤ ሽቦው ሲፈታ በሁለት ጥርሶቼ ላይ ከሽቦው ማያያዣ ጎን ነጭ ነጠብጣብ ተገኘ። የመቦርቦር መጀመሪያ ነው። ሌላው ስህተቴ ሽቦው የተፈታ ቀን ሥራው አልቋል ብዬ ማሰቤ ነው። በጥርሱ ዙሪያ ያሉት ጅማቶች ወደ ድሮ ቦታቸው ሊመልሱት ስለሚጎትቱት ማታ ማታ የሚጠለቅ ማቆያ ይሰጣል። ለመንገድ ወጥቼ ሦስት ሳምንት ሳላጠልቀው ብቆይ፣ ስመለስ በግድ ነው የገባው። የመንጋጋዬ ሕመም በመጠኑ ቀንሷል፤ አልጠፋም። የተሸረፈችው ጥርስ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ተሞልታ እስካሁን ቦታዋ ላይ አለች።

ባለፈው ወር እህቴ ዘንድ ስሄድ የ8 ዓመት ልጇ እየሳቀች ወደ እኔ ሮጠች። የታችኛው ጥርሷ አይታይም።

«አፍሽን ግጠሚና ከንፈርሽን ገልጠሽ አሳዪኝ» አልኳት። ገጠመች። ምንም አይታይም።

«ምን አስደነገጠህ?» አለች እህቴ። «የአያቷ ጥርስ እኮ ነው።»

ተነሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ትንሹን መስታወት ፍለጋ ገባሁ።