ሁለት ጊኒ ፒጎች ከመምጣታቸው በፊት

ልጄ ስትለምነኝ የከረመችው ውሻ ነበር። የተከራየነው አፓርትመንት ውሻ አይፈቅድም፤ ትንንሽ እንስሳት ግን ይፈቅዳል። ስንደራደር ከርመን ጊኒ ፒግ ላይ ደረስን፤ ከአይጥ ወገን የሆነች፣ ጅራት የሌላት ፀጉራም ትንሽ የቤት እንስሳ ናት። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እዚህ አካባቢ የተጣሉ ጊኒ ፒጎችን ተቀብለው፣ አሳክመው ለቤተሰብ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ሱቅ ብንሄድ ዛሬ ከፍለን ዛሬ ይዘን እንወጣ ነበር። እነሱ ጋ ግን መጀመሪያ ቅጽ ይሞላል።

ቅጹ ቀላል አይደለም። የሚያክማቸው ሐኪም ማን ነው? የማደሪያቸው ርዝመትና ወርድ ስንት ነው? አከራያችሁ በጽሑፍ ፈቅዷል? መንገድ ስትሄዱ ማን ይይዛቸዋል? ባለቤቴ «የባንክ ስቴትመንትስ አልጠየቁም?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቅጹን ወደድኩት። ምን ምን ማድረግ እንዳለብኝ ቁልጭ አድርጎ ነገረኝ። ፍሪጅ ላይ ለጥፌው አንድ በአንድ ተያያዝኩት።

ለምን ይህን ያህል እንደሚጠነቀቁ የገባኝ ከበጎ ፈቃደኛዋ ጋር ሳወራ ነው። ወንዱ በተወለደ በ3 ሳምንት ገደማ ማስረገዝ ይችላል። ሴቷ ከ59 እስከ 72 ቀን ታረግዛለች፤ በወለደች በሰዓታት ውስጥም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» ተብለው ከተገዙት አንዱ ወንድ ሆኖ ከተገኘ ቤቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞላል። ከዚያ መጠለያ ይወሰዳሉ። ዕድሜያቸውም አጭር አይደለም፤ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራሉ። ለ9 ዓመት ልጅ የተወሰደ እንስሳ ልጁ ሃይስኩል ሊጨርስ ሲል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ለልጄ እንደማመጣ አላሰብኩም። ለራሴ ነው ያመጣሁት፤ እሷ ታግዘኛለች።

ሐኪሙን ከሁሉ አስቀደምኩ። የውሻና የድመት ሐኪም ሁሉ ጊኒ ፒግ አያይም፤ «ኤግዞቲክ» የሚባሉትን፣ ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን የቤት እንስሳት የሚያክም መፈለግ ያስፈልጋል። ስደውል የምጠይቀው ይህን ነበር፦ ጊኒ ፒግ አዘውትራችሁ ታያላችሁ? ጥርስ ትሠራላችሁ? ማታ ወይም እሁድ ቢታመሙብን የት ትልኩናላችሁ? ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ በደንብ ካልተፋጨ አፋቸውን ያስራል። መብላት ያቆመ ጊኒ ፒግ ደግሞ «እስቲ እስከ ነገ እንየው» አይባልም። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ አንጀቱ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው አንድ ነገር ልበል። ሐበሻ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። እባካችሁ፣ ለጊኒ ፒግ እንዳትሞክሩት። አሞክሳሲሊንም ሆነ ፔኒሲሊን በአፍ ሲሰጠው አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋበታል፤ ሊገድለውም ይችላል። ለልጅ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው ብሎ መተማመን እዚህ አይሠራም።

ቀጥሎ ኬጁ፣ ማደሪያቸው ማለቴ ነው። ሱቅ ውስጥ የጊኒ ፒግ እየተባሉ የሚሸጡት አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። ለሁለት ቢያንስ 0.7 ካሬ ሜትር ይመከራል፤ ከዚያ ቢሰፋ የተሻለ ነው። እነሱ መሮጥ እንጂ መውጣት አይወዱም፤ ስለዚህ ፎቅ ቢደረብ ዋናውን ወለል አይተካም። እኛ ራሳችን ሠራነው። ለመደርደሪያ የሚሸጡ፣ ጎናቸው 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሽቦ ፍርግርጎች ገዝተን ሁለት በአራት ዘረጋናቸው። ወደ 1 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ፍርግርጉን ስትገዙ ቀዳዳውን እዩ፤ ሰፊ ከሆነ የግልገል ጭንቅላት ያስገባና አንቆ ይይዛል።

ወለሉ ኮሮፕላስት ነው፤ በምርጫ ሰሞን መንገድ ዳር የሚተከሉት ሰሌዳዎች የሚሠሩበት ፕላስቲክ። ዙሪያውን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ለክቼ ከሥር በኩል ያለውን ሽፋን ብቻ በመቁረጫ ጫር ጫር አደረግሁና ጠርዙን ወደ ላይ አጠፍኩት። ሁለቱንም ሽፋን ከቆረጣችሁት መገጣጠሚያው ሽንት ያሳልፋል። ሙሉ በሙሉ የሚቆረጠው ማዕዘኑ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ተደራርቦ ከውጭ በሰፊ ፕላስተር ይያዛል።

ምንጣፉ ፍሊስ የሚባለው፣ ለብርድ ልብስ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ከሥሩ ውሃ የሚመጥ ወፍራም ጨርቅ አለ። አዲስ ፍሊስ ውሃ አያሳልፍም። ማለስለሻ ሳይጨመርበት ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ለመፈተን ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ላዩ ላይ ድብልብል ብሎ ከቆመ ተመልሶ ማሽን ይገባል፤ ጠልቆ ላዩ ከደረቀ ደርሷል። ሰጋቱራ የምትመርጡ ከሆነ ፓይንና ሴዳር ከሚባሉት የጥድ ዓይነት እንጨቶች ራቁ፤ ሽታቸው መተንፈሻቸውን ይጎዳል።

ስለ መተንፈሻ ካነሳሁ፣ ቦታ ስንመርጥ ያልተግባባነው በቡና ጉዳይ ነበር። ሳሎናችን ሰፊው ክፍል ነው፤ ግን ቡና የሚቆላው እዚያ ነው፤ እጣኑም የሚጨሰው እዚያው። የጊኒ ፒግ ሳንባ ጭስ አይችልም። ቡናውን መተው አልታሰበም፤ ስለዚህ ኬጁ ወደ ልጄ ክፍል ሄደ። መስኮት ሥር አላደረግነውም፤ ምቹ ሙቀታቸው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ የቨርጂኒያ የሐምሌ ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ባዶውን ኬጅ ዞር ዞር ብላ አየችና «አንቺ፣ ሰው አይጥ ለማጥፋት ይከፍላል፣ አንቺ ለአይጥ ቤት ትሠሪያለሽ?» አለች። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች የመጡ እንደሆኑ፣ እዚያም በጥንት ጊዜ ለሥጋ ብለው እንዳለመዷቸው ነገርኳት። «እሱስ ደህና» አለች፣ «ወተት ወይ እንቁላል ቢሰጡ ደግሞ ይሻል ነበር።»

ምግቡ ከሚመስለው ይቀላል። ዋናው ድርቆሽ ነው፤ ቲሞቲ የሚባለው ሣር፣ ቀን ከሌት ከፊታቸው የማይጠፋ። አልፋልፋ የሚባለው ሌላው ድርቆሽ ካልሲየም ስለሚበዛበት ለግልገልና ለእርጉዝ እንጂ ለአዋቂ አይሆንም። ድርቆሹን ከሱቅ በትንንሽ ከረጢት ከመግዛት በትልቅ ካርቶን ማስመጣት ይረክሳል። ግን ድርቆሽ የሚያስነጥሰው ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እኛ እንስሶቹን ለማየት ስንሄድ ባለቤቴ ድርቆሹን እንዲያቅፍ አደረግነው። ምንም አልሆነም።

ቫይታሚን ሲ ላይ ግን ቸልታ የለም። እንደ ሰው ሁሉ ጊኒ ፒግም በራሱ አካል መሥራት አይችልም፤ ጤነኛ አዋቂ በኪሎ ክብደቱ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል። ካጣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ መራመድ ይከብደዋል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ ብርሃን ላይ ቶሎ ይበላሻል፣ የውሃውንም ጣዕም ይለውጣል። ስለዚህ የኛዎቹ በየቀኑ ቁራጭ ቀይ ቤል ፔፐር ይበላሉ፤ የሚያቃጥለውን ቃሪያ አላልኩም። ሰላጣና የድንብላል ቅጠልም ይወዳሉ። ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ፤ የፊኛ ጠጠር ያመጣባቸዋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና አቮካዶ ጨርሶ አይነኩም።

አንድ ብቻ እንውሰድ የሚለው ሐሳብ ቅጹ ላይ ነው የሞተው። ብቻውን የሚኖር ጊኒ ፒግ ይከፋዋል፤ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕጓ ጓደኛ እንዲኖረው ታዝዛለች። እኛ የተሰጡን እናትና ልጅ ናቸው፤ የለመደ ጥንድ መውሰድ አዲስ ከማላመድ ጣጣ ያድናል። መደበቂያቸው ሁለት በር እንዲኖረው አደረግን። በር አንድ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ውስጥ ታፍናታለች።

የመጡ ሰሞን ማንም አላቀፋቸውም። ልጄ ኬጁ አጠገብ ወለል ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብላቸው ነበር፤ ድምፅ እንዲለምዱ። እኔ የማልተወው ሚዛኑን ነው። የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ቀድሞ የሚናገረው ክብደቱ ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በኩሽና ሚዛን፣ ሳህን ውስጥ አስቀምጬ እመዝንና ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቁጥሩ እየወረደ ከሄደ ሌላ ምልክት አልጠብቅም፤ ለሐኪሙ እደውላለሁ።

የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ የጉዞው ነበር። ለፋሲካ አዲስ አበባ ስንሄድ የምትይዛቸው ጎረቤታችን ናት። ከመሄዳችን በፊት ክሊኒኩ ፋይል ላይ ስሟን አስጻፍኩ፤ የባንክ ካርዴንም ለክፍያ አስመዘገብኩ። እኛ አውሮፕላን ላይ ሆነን አንዷ ብትታመም «ባለቤቷ ካልፈቀደ አናክምም» እንዳትባል።