እማዬ ስትፈትል

ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ከምድጃ አይርቅም። እኔም መሳል የጀመርኩት እዚያው ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ እማዬ ፊት ለፊቴ ነጭ የበግ ጠጉር ስትፈትል። የመንዝ ልጅ ናት፤ የቤታችን ባና ሁሉ በእጇ ያለፈ ነው።

መጀመሪያ በእርሳስ ነበር። ስስል ሳጠፋ ወረቀቱ ይላጣል፣ እሷም ተነስታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ተናድጄ ጥቁር ቀለምና ብዕር ያዝኩ። ቀለም ላጲስ አያውቅም፤ ሳይጫር በፊት በደንብ ማየት ግድ ነው። ሳይ ነው የገባኝ። እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች፣ ክንዷ ይዘረጋል፣ ክሩን ትጠቀልላለች፣ እጇ ተመልሶ እዚያው ይመጣል። ደግሞም ይመጣል! "አትነቃነቂ" ማለት ቀረ። በአንዱ ዙር ትከሻዋን፣ በሚቀጥለው ጣቷን እወስዳለሁ።

ወረቀት ላይ ብዙ ከስሬያለሁ። የደብተር ወረቀት ቀለሙን ይመጠውና መስመሩ ጠጉር ያበቅላል። አሁን የውኃ ቀለም ወረቀት፣ ወፍራሙን ባለ 300 ግራም፣ ቆራርጬ እጠቀማለሁ። ውድ ነው። በክረምቱ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ደግሞ የጋቢዬ ጫፍ ስንቱን ስዕል ጠርጎብኛል።

ጭሱ ነበር ያስቸገረኝ። በቀጭን መስመር ስሞክረው ሽቦ ይመስላል። በኋላ ተውኩት፤ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ አጠቆርኩና ጭሱ ባዶ ወረቀት ሆኖ ቀረ። የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1654 አካባቢ የተኛች ወጣት ሴት ሲስል የተጠቀመው ብሩሽና ቡናማ ቀለም ነው፤ ብዙው ወረቀት ግን ባዶ ነው። የእኛው የብራና ጸሐፊዎችም ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጁ ነበር። የእማዬ ግድግዳስ ከዚህ ወዲያ ምን ጥላሸት አጣ?

አንድ ቀን ሻሿን ፈትታ ስታበጥር ሳልጠይቅ ሳልኳት። አይታ ዝም አለች። ቆይታ፣ "ይሄ ለሰው አይታይም" አለችኝና ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ከሥራዎቼ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር። አሁን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ስትፈትል የሳልኳትን ግን ራሷ ጎረቤት ጠርታ አሳየች። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችውና፣

"ልጄ፣ ክሬ የታለ?"

ነጩን ክር እንደ ጭሱ ባዶ ትቼው ኖሯል። ጭሱ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።