ጋኔሽ በኮምቦልቻ ሸክላ

«ስንት አምላክ ነው ያላቸው?»

ሰፈራችን ውስጥ ስለ ተከራዮቼ ሲነሳ የሚቀድመው ጥያቄ ይኸው ነው። ተከራዮቼ የሂንዱ እምነት ያላቸው ሕንዶች ናቸው፤ ሙምባይ ካለችበት ከማሃራሽትራ ግዛት የመጡ። ባልየው እዚሁ ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ባለሙያ ነው። ሚስትየዋ ልጃቸውን ይዛ ቤት ትውላለች። ግቢያችን አንድ፣ ቧንቧችን አንድ ነው። እኔን «ታይ» ነው የምትለኝ፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ቡና ሳፈላ እጠራታለሁ። እሷም የሠራችውን ሳታቀምሰኝ አታድርም። ስለዚህ ጎረቤቱ እኔን ቢጠይቅ አይገርምም።

ጥያቄው ለእነሱም አዲስ አይደለም። ብሪሃዳራንያካ የሚባለው ኡፓኒሻድ ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ ሻካልያ የተባለ ሰው ያጅናቫልክያ የተባለውን ጠቢብ «አማልክት ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጠቢቡ «3,306» ይለዋል። «እሺ፣ ግን በእውነት ስንት ናቸው?» «33።» «እሺ፣ ግን በእውነት?» «6።» እንዲህ እያሉ ወደ 3፣ ወደ 2፣ ወደ አንድ ተኩል ይወርዳሉ። በመጨረሻ 1 ይቀራል። ያ አንዱ ማነው ሲባል ጠቢቡ «እስትንፋስ» ይላል፤ ብራህማን የሚሉት እሱን ነው።

ይኼን ጨዋታ በጣም እወደዋለሁ። ቢሆንም የሂንዱን እምነት ለማወቅ ከቁጥር መጀመር ጥሩ አይመስለኝም። ከእጅ መጀመር ይሻላል። ጠዋት ተነስተው እጃቸው ምን እንደሚሠራ ማየት ነው።

ጎረቤቴ ሳሎኗ ውስጥ ከግድግዳው ላይ ትንሽ መደርደሪያ አላት። ጸሎት ቤቷ እሱ ነው። ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ የአማልክት ምስሎች አሉ፦ ጋኔሽ፣ ላክሽሚ፣ በእንብርክክ የሚድህ ሕፃን ክሪሽና። መሀል ላይ ደግሞ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ጥቁር አምላክ በፎቶ ተሰቅሏል። ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ እህል ሳትቀምስ እዚያ ትቆማለች። ምስሎቹን በውኃ ታጥባለች፣ ታደርቃለች። ግንባራቸው ላይ ቀይ ዱቄትና እርድ ትነካለች። አበባ ታኖራለች። ሰንደል ትለኩሳለች፤ ሰንደል ካለቀባት ከገበያ የእኛን እጣን ትገዛለች። በቅቤ የራሰ የጥጥ ክር ታበራለች፣ ትንሿን ደወል ታቃጭላለች። መብራቱን ፊታቸው ላይ ክብ እያዞረች ትዘምራለች። መጨረሻ ላይ ምግብ ታቀርባለች። ከቀረበ በኋላ ያ ምግብ ፕራሳድ ይባላል፤ ተባርኳል ተብሎ ቤተሰቡ ይካፈለዋል።

ይህ ሁሉ ፑጃ ነው። ሙሉው ሥርዓት 16 ደረጃ አለው። መጀመሪያ አምላኩ ይጠራል። ወንበር ይሰጠዋል። ለእግሩ ውኃ፣ ለእጁ ውኃ፣ ለአፉ ውኃ ይቀርባል። ከዚያ ልብስ፣ ሽቶ፣ አበባ፣ መብራት፣ ምግብ እያለ ይቀጥላል። የክቡር እንግዳ አቀባበል ነው። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ይኼን ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ማስታጠቢያው ይወጣል፣ ምንጣፉ ይነጠፋል፣ «ኖር» ይባላል።

ያ በፎቶ የተሰቀለው አምላክ ቪቶባ ይባላል። ቪሽኑ የሚባለው ታላቅ አምላክ መልክ ነው፤ ዋናው መቅደሱ ፓንዳርፑር የምትባል ከተማ ነው ያለው። ስለ እሱ የሚነገረውን ታሪክ ቡና ላይ ነግራኝ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ፑንዳሊክ የሚባል ሰው ነበር። እናት አባቱን ሲያገለግል አምላክ ራሱ ሊጎበኘው በሩ ላይ መጣ። ፑንዳሊክ ግን የወላጆቹን እግር እያሸ ነበርና አልተነሳም። አንድ ጡብ ወረወረለትና «እዚህ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» አለው። አምላክም ጠበቀ። ቪቶባ ዛሬም ጡብ ላይ ቆሞ ነው የሚሳለው። በየዓመቱ በሰኔና ሐምሌ አካባቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየዘመሩ ለሳምንታት በእግራቸው ወደዚያ ይጓዛሉ። የኔ እናት የግሸን ተሳላሚ ነበረች። አባቴ ጁምዓ አምልጦት የማያውቅ ሙስሊም ነበር። እናቴ ይኼን ታሪክ ሰምታ ቢሆን ኖሮ «እሰይ፣ ወላጅ ይቅደም» ትል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ብዙ ቦታ ሂንዱ ሲባል ብራህማ ይፈጥራል፣ ቪሽኑ ይጠብቃል፣ ሺቫ ያፈርሳል ተብሎ ይጻፋል። ስህተት የለበትም። ግን ሕዝቡ የሚኖረው በዚህ ክፍፍል አይደለም። ብራህማ የተባለውን አምላክ ዋና አድርገው የሚያመልኩ ቤተ መቅደሶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ የታወቀው ራጃስታን ውስጥ ፑሽካር ያለው ነው። አብዛኛው ሰው ልቡን ለአንዱ ይሰጣል። ለቪሽኑ የሰጠ አለ፤ ዓለም ሲበላሽ በተለያየ አካል ይወርዳል ይላሉ፤ ራማና ክሪሽና ከእነዚህ ናቸው። ለሺቫ የሰጠ አለ፤ ባለሦስት ጫፍ ጦሩን ይዞ፣ ጸጉሩ ላይ ጨረቃ ሰክቶ፣ ናንዲ የተባለውን በሬ አስከትሎ። ለእናት አምላክ የሰጠም አለ። እሷ ዱርጋ ሆና ጎሽ መሳዩን ጋኔን ትገድላለች፣ ካሊ ሆና ታስፈራለች፣ ላክሽሚ ሆና ሀብት ትሰጣለች፣ ሳራስዋቲ ሆና ዕውቀት ትሰጣለች።

ላምን ያመልካሉ ወይ የሚለውም ተደጋግሞ ይመጣል። ላም ለእነሱ የምታጠባ እናት ናት። ስለዚህ ያከብሯታል፣ አያርዷትም። ጎረቤቴ ሥጋ የሚባል አትበላም። ሁሉም ሂንዱ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ዶሮና ዓሣ የሚበላ ብዙ ነው። እዚህ ምግብ ቤት ስትገባ «የጾም አለ?» ብላ መጠየቅ ተምራለች፤ ሽሮና ምስር ወጥ ይመጣላታል። ሥጋ ሲቀርብለት የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚበላ አገር ውስጥ ስለምትኖር «ለምን አትበዪም?» ብሎ የሚነዘንዛት የለም።

አመጣጡን በተመለከተ፣ ይህ እምነት መሥራች የሚባል አንድ ሰው የለውም። ሥሩን ፍለጋ የሚሄዱ ሊቃውንት ዛሬ በአብዛኛው ፓኪስታን ውስጥ ወዳለው የኢንደስ ሸለቆ ይሄዳሉ። ሃራፓና ሞሄንጆ ዳሮ የሚባሉት ከተሞች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2600 እስከ 1900 ድረስ ደርተው ነበር። ጽሑፋቸው እስካሁን አልተነበበም። ከዚያ በኋላ ቬዳ የሚባሉት ቅዱስ ድርሰቶች መጡ። ትልቁ ሪግ ቬዳ 1,028 መዝሙር አለው። አግኒ የተባለውን እሳት፣ ኢንድራ የተባለውን የነጎድጓድ አምላክ ያወድሳል። ያኔ ቤተ መቅደስም ምስልም አልነበረም፤ አምልኮው እሳት አንድዶ ቅቤና እህል መሠዋት ነበር።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ አጠባበቁ ነው። ቬዳ ለብዙ መቶ ዓመታት አልተጻፈም፤ በቃል ነው የተላለፈው። እንዳይሳሳቱ ቃላቱን ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ ወደፊትም ወደኋላም እየመለሱ ይለማመዳሉ። ዩኔስኮ ይህን የቃል ትውፊት እ.ኤ.አ. በ2003 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎታል። ደሴ ዙሪያ ቁርኣንን በሒፍዝ የያዘ ደረሳም፣ ዜማ በቃሉ የሚያወርድ የአብነት ተማሪም አይቶ ላደገ ሰው፣ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ላንሳና ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከ100 በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። ኩሻኖች ሰሜን ሕንድን የገዙ ነበሩ። ከእነሱ መካከል ቪማ ካድፊሰስ የተባለው ንጉሥ ገንዘቡ ላይ ሺቫን ከነጦሩ አስቀርጿል፤ የእሱም ሳንቲሞች ከደብረ ዳሞዎቹ ጋር አሉበት። ሕንድና እኛ ባሕር ተሻግረን መገበያየት የጀመርነው ከፋብሪካዎቹ ብዙ አስቀድሞ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ የጋኔሽ በዓል ይመጣል። ጋኔሽ የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ነው። እናቱ ፓርቫቲ ከገላዋ ባነሳችው እርድ ቀርጻ ሠርታ በር አስጠበቀችው። አባቱ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባም አለ። ሺቫ ተቆጥቶ አንገቱን ቆረጠው። ፓርቫቲ ስታለቅስ የዝሆን ራስ ተተካለትና ነፍስ ዘራ። እንቅፋትን የሚያነሳ እሱ ነው ተብሎ ማንኛውም ሥራ ሲጀመር ቀድሞ ይጠራል። በማሃራሽትራ በዓሉ ከቤት ወደ አደባባይ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ቲላክ የተባለው የነጻነት ታጋይ ሕዝቡን ለመሰብሰብ ስለተጠቀመበት ነው።

ለዚህ በዓል ምስሉ ከጭቃ ይሠራል። እዚህ ማን ይሸጥላታል? ሸክላ ከምትሠራ አንዲት እናት ዘንድ ወሰድኳት። ጎረቤቴ ጭቃውን ተቀብላ ራሷ ቀረጸችው። የዝሆን ኩምቢው ብዙ አስቸገራት። ሲያልቅ ማንትራ የሚሉትን ጸሎት ደግማ «ግባ፣ እዚህ እደር» ብላ ጠራችው። 21 ዘለላ ሰርዶ አቀረበችለት። አዎ፣ ያው ሰርዶ! አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው ሳር ለጋኔሽ ከወርቅ ይበልጥበታል። በሩዝ ዱቄት የተጠቀለለ፣ ውስጡ ኮኮናትና ስኳር ያለበት ሞዳክ የሚባል ምግብም ሠራች።

በዓሉ እስከ 10 ቀን ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ባጭሩም ይደረጋል። ሲያበቃ አምላኩ ይሸኛል። «በሚቀጥለው ዓመት ቶሎ ና» እያሉ ጭቃውን ውኃ ውስጥ ይከቱታል። እሷ በባልዲ ነው ያደረገችው። ሲሟሟ ውኃውን ከነአፈሩ ጓሮዬ ያለው የሎሚ ዛፍ ሥር አፈሰሰችው። ጣዖት ያመልካሉ የሚሉኝ ሰዎች ይህን ቀን ቢያዩ ደስ ይለኛል። እምነታቸውን ተቀበሉ አይደለም የምለው፤ እኔም አልተቀበልኩም። ግን ጭቃው አምላክ ቢሆን ኖሮ በእጇ አታሟሟውም ነበር። ተጠርቶ የመጣው ሄደ፣ ጭቃው ጭቃ ሆነ።

ያቺ ሸክላ ሠሪ ሌላ ወሬ አስከተለች። ጎረቤቴ «ሰዎች ቤቷ ለምን አይገቡም?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። እኛ አገር ሸክላ ሠሪን፣ ብረት ቀጥቃጭን «ቡዳ» እያሉ ማግለል አለ፤ ድስቷን ገዝተው ልጇን አያገቡም። እሷ ዝም ብላ ቆየችና ስለ ካስት፣ ሰውን በትውልድ ስለሚለየው ሥርዓት ነገረችኝ። ሪግ ቬዳ ውስጥ ካለ አንድ መዝሙር ላይ ሰው በአራት መደብ ይከፈላል፤ ከእነሱም ውጭ «አይነኬ» ተብለው የተጣሉ ነበሩ። ቾካሜላ የተባለ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ዕድሜውን ሙሉ ለቪቶባ ሲዘምር ኖሮ ከመቅደሱ እንዲገባ አልተፈቀደለትም። መታሰቢያው ደረጃው ሥር ነው ያለው። የፓንዳርፑር በር ለተገለሉት እንዲከፈት ሳኔ ጉሩጂ የተባለው አስተማሪ የጾመው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 አይነኬነትን ሽሯል። የአርቃቂው ኮሚቴ ሰብሳቢ አምቤድካር ራሱ ከተገለሉት የተወለደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሂንዱነትን ትቶ ከመቶ ሺዎች ጋር ቡዲስት ሆነ። ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ አልሸፋፈነችም። እኔም የእኛን አልሸፈንኩም። ሁለቱም የሚያሳፍር ነው፤ ሕግ ከወጣም በኋላ ገና አልሞተም።

ከዚያ ደግሞ ሐዘን መጣ። የባሏ አባት አገራቸው አረፉ። ሂንዱ አስከሬን አያቆይም፤ ባብዛኛው በዚያው ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ ባልየው አውሮፕላን ይዞ ቢሄድም ለስንብቱ አልደረሰም፤ አመዱን ናሺክ ላይ ጎዳቫሪ ወንዝ ሲከቱ ነው የደረሰው። እሷ ከልጇ ጋር እዚህ ቀረች። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ንፍሮ መጣ፣ ቡና ተፈላ። ምን ብለው እንደሚያጽናኗት የጨነቃቸው ነበሩ። እሷ ነች ያስረዳቻቸው። አትማን የሚሉት ነፍስ አይሞትም። ጊታ በሚባለው መጽሐፋቸው ላይ ክሪሽና አርጁና ለተባለው ተዋጊ እንደሚለው፣ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ነፍስም አካል ትለውጣለች። የሠራችው ሥራ ይከተላታል፤ ያ ካርማ ነው። ከዚህ መመላለስ መውጣት ደግሞ ሞክሻ ነው። አንዲት ሐጃ «አላህ ያጽናሽ ልጄ» አሏት፣ ሌላዋ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት። ለሁለቱም አንገቷን ዝቅ አደረገች። በ10ኛው ቀን የሩዝ እንክብል አጥሩ ላይ አስቀመጠች። ቁራ መጥቶ ከነካው ሟቹ ረክቷል ይላሉ። የኮምቦልቻ ቁራ አላስጠበቃትም።

ደስ የሚለው ግን ጥቅምት አካባቢ ዲዋሊ የሚባል በዓል አለ። አንዳንዱ ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበት ነው ይላል፣ ሌላው ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ጋኔን ድል ያደረገበት። ጨለማ በሆነችው ሌሊት ለላክሽሚ መብራት ይበራል። ጎረቤቴ በሩ ላይ በቀለም ዱቄት አበባ ትስላለች፣ የሸክላ መብራቶቹን ትደረድራለች። መብራቶቹን የምትሠራላት ያቺው ሸክላ ሠሪ ናት፤ አሁን ግቢያችን ገብታ ቡና ትጠጣለች።

ለጎረቤት የሚሰጥም ጣፋጭ ብዙ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። ለሌላ አምላክ የቀረበ ምግብ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላም። ማንም ፊት ለፊት አልነገራትም፤ እኔ ነኝ ያስረዳኋት። አልተቀየመችም። አሁን ሁለት ትሪ ታዘጋጃለች። አንዱ መደርደሪያው ፊት ይቀርባል፣ ለራሳቸው ነው። ሌላው ከምድጃ እንደወጣ ኩሽና ይቀመጣል፣ ጸሎቱ ጋ አይደርስም። እሱን ይዛ በየቤቱ ስትዞር በሩ ላይ ቆማ «ይኼ የእናንተ ነው፣ አልቀረበም» ትላለች። ሐጃዋ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ በጣም ስለወደዱት ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ነው የሚደርሳቸው።